ያልተሳፈርንበት መርከብ

ውድ አንባቢ፣ አንድ መንገድ ለመሄድ ወስነው፣ ገንዘቡንም ከፍለው፣ ሻንጣዎን ማዘጋጀት ከጀመሩ በኋላ ልብዎ እንቢ ብሎዎት ያውቃል? «ልሂድ ወይስ ልቅር?» እያሉ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ያውቃሉ? ካወቁ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ካላወቁም አንድ ቀን ሊገጥምዎ ይችላልና እባክዎን አብረውኝ ይጓዙ።

ዛሬ የምወስድዎት በቀርጤስ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ወዳለች አንዲት ትንሽ ወደብ ነው። ግሪኮች ካሊ ሊሜኔስ ይሏታል። እኛ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 «መልካም ወደብ» በሚለው ስሟ እናውቃታለን። ወደዚህች ስፍራ ያደረሰኝ ግን ከፍዬ ያልተሳፈርኩበት ሌላ መርከብ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከዚያ መርከብ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።

የእናቴ ምኞት

የምንኖረው በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። አገር ቤት ከነበረችበት ጊዜ አንሥቶ ኢየሩሳሌምን በዓይኗ ለማየት ትመኝ ነበር። ይሁን እንጂ መጀመሪያ እኛን ማሳደግ፣ ቀጥሎ የአባቴ ሕመም፣ ከዚያም ስደትና የልጅ ልጆች መጡና ምኞቷ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ቆየ። 74 ዓመት ሲሞላት ባለቤቴ «እማዬን አሁን ካልወሰድናት መቼ ልንወስዳት ነው?» አለኝ።

እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት በአውቶቡስ ከሆቴል ሆቴል መንከራተቱ አይሆንላትም። ስለዚህ የመርከብ ሽርሽር የተሻለ መስሎ ታየን። መርከብ ላይ ሻንጣ የሚፈታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አልጋውም ማዕዱም አብሮ ይጓዛል፤ ሌሊቱን ሲሄድ አድሮ ጠዋት ከሌላ ወደብ ያደርሳል። ያገኘነው ጉዞ 10 ሌሊት የሚፈጅ ሲሆን፣ የሚነሣው ከአቴና አጠገብ ካለው ከፒሬዎስ ወደብ ነበር። ከዚያም ዮሐንስ ራእዩን ወደ ተቀበለባት ወደ ፍጥሞ፣ ለኤፌሶን ፍርስራሽ ቅርብ ወደ ሆነችው የቱርክ ወደብ ወደ ኩሻዳሲ፣ ወደ ቆጵሮስዋ ሊማሶል፣ በመጨረሻም ወደ እስራኤል ወደቦች ወደ ሃይፋና ወደ አሽዶድ ይሄዳል። ከሃይፋ ናዝሬትንና የገሊላ ባሕርን፣ ከአሽዶድ ደግሞ ኢየሩሳሌምን በአውቶቡስ አይቶ ለመመለስ አንድ አንድ ቀን ይበቃል። የጉዞውን ዝርዝር ሳነብላት እናቴ ስለ ፍጥሞም ስለ ኤፌሶንም ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። አሽዶድ ላይ ስደርስ ግን «የምሄደው ለእሱ ነው፤ ሌላው መንገድ ነው» አለች።

በማርች 2023 ለሦስታችን ቀብድ ከፈልን። ለመነሻው 90 ቀን ሲቀር፣ በጁላይ መጨረሻ፣ ቀሪውን ጨረስን። የመርከቡ ዋጋ በጠቅላላው 6,300 ዶላር ሆነ፤ የወደብ ክፍያና ግብር 410 ዶላር ለብቻው ተጨመረ። የአውሮፕላን ቲኬቱንም ገዛን። መርከቡ የሚነሣው ኦክቶበር 28 ነበር። ከምንካፈልበት ቤተ ክርስቲያን ሌሎች ባልና ሚስትም በዚያው መርከብ ተመዘገቡ።

ሃያ አንድ ቀን ሲቀር

ኦክቶበር 7 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተን ዜናውን ሰማን። ሐማስ በደቡብ እስራኤል ላይ በሰነዘረው ጥቃት ወደ 1,200 የሚሆኑ ሰዎች ተገደሉ፤ ከዚያ በኋላ በተከተለው ጦርነት ደግሞ በጋዛ በአሥር ሺሆች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። እንዲህ ባለ ሐዘን ፊት ስለ ሽርሽር ገንዘብ ማውራት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው በዓለም ላይ የሚሆነውን የሚሰማው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ነው፤ በእኛም ቤት ጥያቄው በዚያው ጠዋት ተነሣ።

ባለቤቴ ካርታውን ዘርግቶ በአሽዶድና በጋዛ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «በቃ፣ ቀርቷል» አለ። እኔ ግን «ምን አስቸኮለህ? ገና ሦስት ሳምንት አለ። ኩባንያው ራሱ ጉዞውን ይሰርዘዋል፤ ያን ጊዜ ገንዘባችንን ሙሉ በሙሉ ይመልስልናል» አልሁት። ነገሩ እውነትነት ነበረው። ኩባንያ ራሱ ጉዞውን ከሰረዘ የሚመልሰው ገንዘብና ተሳፋሪ ሲሰርዝ የሚመለስለት ገንዘብ በጣም ይለያያል።

ኦክቶበር 11 የኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ጉዞው አልተሰረዘም። ሃይፋና አሽዶድ ቀርተው በምትካቸው ሌሎች የግሪክና የቱርክ ወደቦች ገብተዋል። ለኢየሩሳሌም ጉብኝት የከፈልነው ለብቻው ይመለስልናል። መሄድ የማይፈልግ ሰው ግን በውሉ መሠረት ይስተናገዳል ይላል።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። ይህ ደብዳቤ ከመምጣቱ ከሁለት ቀን በፊት፣ ኦክቶበር 9 ማታ፣ ሁሉም ሲተኙ ውሉን ከፍቼ አንብቤው ነበር። በውስጡ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ከ29 እስከ 15 ቀን ሲቀረው የሰረዘ ሰው 75 በመቶውን ያጣል። 14 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው የሰረዘ ግን ሁሉንም ያጣል። ይህ ማለት እስከ ኦክቶበር 13 ድረስ ብንሰርዝ 1,575 ዶላር ይመለስልን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ካለፈ ግን ምንም።

ይህን አውቄ ለባለቤቴ አልነገርሁትም። ለምን ቢሉኝ፣ መሄድ እፈልግ ነበር። ኢየሩሳሌም ብትቀርም እንኳ ኤፌሶንን ማየት እፈልግ ነበር፤ የልፋቴንም ገንዘብ ለመርከብ ኩባንያ ትቼ መቅረቱ አንገበገበኝ። የሚመለስ ገንዘብ ከሌለ «ከከፈልን አይቀር እንሂድ» ይላል ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ቀኑ እስኪያልፍ ዝም አልሁ። ማንንም አልዋሸሁም፤ ዝምታዬ ግን የውሸትን ሥራ ሠራ።

ውሉ ስለ ፍርሃት ምን ይላል?

አብዛኞቻችን የጉዞ ውል ስንቀበል አናነበውም። ስለዚህ በዚያች ሌሊትና ከዚያም በኋላ የተማርሁትን ባጭሩ ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ የመርከብ ትኬት ውል ለኩባንያው ሰፊ ነጻነት ይሰጣል። የመርከቡ አዛዥ ለደኅንነት ሲባል ወደብ መቀየር፣ መዝለል ወይም ቅደም ተከተሉን መለወጥ ይችላል። ወደብ ተቀየረ ተብሎ የመርከቡ ዋጋ አይመለስም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው የቀረው ወደብ ክፍያና ግብር ነው። ሰው ለኢየሩሳሌም ብሎ ቢከፍልም በውሉ መሠረት የገዛው የመርከብ ላይ ቆይታ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጣቱ እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። የመነሻው ቀን በቀረበ ቁጥር ተመላሹ ይቀንሳል። የቀኖቹ አቆጣጠር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን በአብዛኛው ምንም አይመለስም። ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ባዶ የቀረውን ክፍል በዚያ አጭር ጊዜ ለሌላ ለመሸጥ ስለሚያዳግተው እንደ ሆነ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ኢንሹራንስ ሁሉ አንድ አይደለም። እኛም ገዝተን ነበር። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ ካሳ የሚከፍልባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ አደጋና የመሳሰሉት ናቸው። ጦርነት በአብዛኛው ከዝርዝሩ ውጪ ነው። ፍርሃት ደግሞ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም። «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባል ሌላ ዓይነት ሽፋን አለ። እርሱ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ቀብድ ከተከፈለ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መገዛት አለበት፤ ሲሰርዙም ከመነሻው ቢያንስ 48 ሰዓት መቅደም ይጠበቅብዎታል። ያን ሁሉ አሟልተውም የሚመልስልዎት ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ጊዜው ካለፈ ከሰባት ወር በኋላ ነበር።

አራተኛ፣ ሕጉ እንደ ገዙበት አገር ይለያያል። በአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን በ2022 ባጸደቀው ደንብ፣ ኩባንያው ጉዞውን ከሰረዘ ወይም መነሻውን 3 ቀንና ከዚያ በላይ ካዘገየ መሄድ ለማይፈልግ ተሳፋሪ ገንዘቡን መመለስ አለበት። ደንቡ ግን ከአሜሪካ ወደቦች ለሚነሡ መርከቦች ነው፤ የእኛ መርከብ ደግሞ የሚነሣው ከግሪክ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት በ2015 የወጣው የጥቅል ጉዞ መመሪያ በበኩሉ፣ በሚሄዱበት ስፍራ ወይም በአቅራቢያው ጉዞውን በእጅጉ የሚያውክ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ከተፈጠረ ተጓዡ ያለ ቅጣት እንዲሰርዝና ገንዘቡ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመለስለት ያዝዛል። ሻጩ የጉዞውን ዋና ነገር ከለወጠም ተጓዡ መተው ይችላል። በአውሮፓ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት የምንከራከርበት ነገር እናገኝ ነበር። የገዛነው ግን በአሜሪካ ነው።

የእናቴ ጥያቄ

ኦክቶበር 15 እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወሬው በግቢው ተሰማ። አንድ ወንድም «ጌታን የምታምኑ ከሆነ ምን ያስፈራችኋል?» አለን። አንዲት እኅት ደግሞ «ጌታን መፈታተን አይገባም፤ ቅሩ» አለችን። ሁለቱም የሚጠቅሱት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ሁለቱም እንደሚወድዱን አውቃለሁ። ቤት ስንደርስ ግን እኔና ባለቤቴ ከፊት ይልቅ ተጣላን።

«6,300 ዶላር ባሕር ውስጥ ልንጥል ነው?» ብዬ ጮኽሁ። ባለቤቴም «አስቀድሞ ብንሰርዝ የተወሰነ ይመለስ አልነበረም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ተነሥቼ ወደ ማእድ ቤት ሄድሁ።

እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ጠራችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «ገንዘቡ ባይከፈል ኖሮ፣ ዛሬ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ይኸው በነጻ ሂዱ ቢላችሁ፣ ትሄዱ ነበር?»

ባለቤቴ ወዲያው «አልሄድም» አለ። እኔ ዝም አልሁ። ጦርነት በተነሣበት ባሕር ላይ፣ ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ይዤ፣ እርሷ የምትፈልገው ከተማ ወደማይደርስ መርከብ፣ በነጻ እንኳ ቢሆን እሄድ ነበር ወይ? መልሱን አውቀው ነበር፤ ከአፌ ማውጣቱ ግን ከበደኝ። በመጨረሻ «አልሄድም» አልሁ።

«እንግዲያው ገንዘቡን ከምክሩ አውጡት» አለች እናቴ። ሌላ አልተናገረችም።

በማግስቱ ሰኞ፣ 12 ቀን ሲቀረው፣ ደውለን ሰረዝን። የተመለሰልን የኢየሩሳሌም ጉብኝት ገንዘብና 410 ዶላሩ የወደብ ክፍያና ግብር ብቻ ነው። የአውሮፕላኑን ቲኬት ዋጋ አየር መንገዱ በየስማችን ለሌላ ጉዞ እንድንጠቀምበት አስቀመጠልን።

መርከቡ ኦክቶበር 28 ተነሣ፤ በሰላምም ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያናችን ባልና ሚስት ኤፌሶንን አይተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ለእናቴም አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ይዘው መጡ። እናቴ አመስግና ተቀበለቻቸው። እኔ ግን ፎቶግራፎቹን ለማየት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። «ይኸው ምንም አልሆኑም፤ እኛ ፈሪዎች ሆነን ቀረን» የሚል ድምፅ በልቤ ይመላለስ ነበር።

ወደ መልካም ወደብ

የቲኬቱ ጊዜ ሊያልፍ ሲል እኔና ባለቤቴ በተቀመጠልን ገንዘብ በሜይ 2024 ወደ አቴና ለመሄድ ቆረጥን። እናቴ በዚያ ክረምት ጉልበቷን ተቀድዳ ስለነበር ሐኪሙ ረጅም በረራ ከለከላት። የእርሷ ገንዘብ በስሟ የተያዘ ነውና ለሌላ አይተላለፍም፤ ጊዜው አልፎ ቀረ። «እናንተ ሂዱ፤ ጳውሎስ ቅሩ ያለበትን ቦታ አይታችሁ ንገሩኝ» ብላ ላከችን።

ከፒሬዎስ ማታ የተነሣው መርከብ ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት በቀርጤስ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው በኢራክሊዮን አወረደን። መኪና ተከራይተን ወደ ደቡብ ነዳን። መጀመሪያ የወይራ ዛፍ የሞላበት የመሳራ ሜዳ ይመጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠብቦ አስቴሩስያ የሚባሉትን ደረቅ ተራሮች እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ወዲያው ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ሰማያዊው የሊብያ ባሕር ተዘርግቶ ይታያል።

መልካም ወደብ ታላቅ ስፍራ መስሎዎት ከሆነ ይገረማሉ። ጥቂት ቤቶች፣ አነስተኛ ምግብ ቤቶችና ትንሽ የባሕር ዳርቻ ብቻ ናቸው። ከፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ትልልቅ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች ቆመዋል፤ መርከቦች ነዳጅ ለመቅዳት ይመጣሉ። በምዕራብ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ በጳውሎስ ስም የተሠራች ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። በዚያ ቆመው ወደ ባሕሩ ሲመለከቱ ወደቧ ለምን ለክረምት እንዳልተመቸች ይገባዎታል። የባሕር ወሽመጡ በምሥራቅ በኩል ለነፋስ የተጋለጠ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከቤተ ጸሎቷ አጠገብ ተቀምጠን ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበብን። ታሪኩን ያውቁታል። የእስክንድርያ መርከብ ስንዴ ጭኖ ወደ ሮም ይሄዳል፤ በላዩ 276 ሰዎች አሉ፤ ጳውሎስ እስረኛ ነው። የጾሙ ወራት አልፏል፤ በጥንት ዘመን በዚያ ወቅት በሜዲትራንያን ላይ መጓዝ አደገኛ ነበር። ጳውሎስ ከዚህ ብንነሣ በጭነቱና በመርከቡ ብቻ ሳይሆን በነፍሳችንም ጉዳት ይደርሳል ብሎ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ይልቅ መሪውንና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። የሚፈልጓት ወደብ ፍንቄ ሩቅ አልነበረችም። ሊቃውንት በምዕራብ በኩል ሉትሮ በምትባለው መንደር አካባቢ ያደርጓታል፤ ከመልካም ወደብ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የደቡብ ነፋስ በቀስታ በነፈሰ ጊዜ መልሕቁን አንሥተው ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ አውራቂስ የተባለው ዓውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወረደባቸው።

ይህን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በዚያች ኮረብታ ላይ ግን ሁለት ነገር እንደ አዲስ ታየኝ።

አንደኛው፣ ከመርከቡ ሰዎች ሁሉ ይልቅ እምነት የነበረው ሰው «እንቆይ» ያለው ሰው ነው። የኋላ ኋላ በማዕበሉ መካከል አይዟችሁ ያለውም ያው ሰው ነው። ስለዚህ መቅረት የእምነት ማነስ ምልክት፣ መሄድም የእምነት ማስረጃ አይደለም። በሁለቱም ቦታ ያስፈለገው ማስተዋል ነበር።

ሁለተኛው ስለ ስንዴው ነው። በመልካም ወደብ ክረምቱን ቢያሳልፉ ወጪ አለው፤ ወራት ይባክናሉ፤ ገበያ ያልፋል። ያንን ላለማጣት ተነሡ። በማግሥቱ ከጭነቱ ወደ ባሕር ጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ በእጃቸው ጣሉ፤ በመጨረሻም ስንዴውን ራሱን ጣሉ። በመላጥያ፣ ዛሬ ማልታ በምንላት ደሴት ዳርቻ መርከቡ ተሰባበረ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ግን ከ276ቱ አንድ ነፍስ አልጠፋም። ጥቂቱን ላለማጣት ብለው ሁሉንም በገዛ እጃቸው ወረወሩ። «ባሕር ውስጥ ልንጥል ነው?» ብዬ የጮኽሁት ትዝ አለኝና አፈርሁ።

በዚያን ጊዜ ለባለቤቴ ነገርሁት። ሠንጠረዡን ኦክቶበር 9 ማንበቤን፣ ቀኑን ማወቄን፣ ሆን ብዬ ማሳለፌን። ወደ ባሕሩ እያየ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «1,575 ዶላሩን እርሺው» አለኝ። «የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ፈሪ ሆኜ ቤተሰቡን ያከሰርሁ መስሎኝ ተቀምጫለሁ። አንቺ ደግሞ እያወቅሽ ተውሽኝ።» እውነቱን ነበር። አለቀስሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ይቅር አለኝ፤ ግን በአንድ ቀን አልነበረም። ወደ ኢራክሊዮን እስክንመለስ ብዙ አልተነጋገርንም። ከኩባንያው ያልተመለሰልኝ ገንዘብ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን ያወቅሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ከመነሣታችን በፊት ለእናቴ በስልክ ደውለን ባሕሩን አሳየናት። «ወደቡ እንደ ስሙ መልካም ነው?» አለችን።

«ስሙ ነው እንጂ፣ እማዬ፣ ለክረምት አይመችም» አልኋት።

«ታዲያ ከባሕሩ አይሻልም?» አለች።

ከመክፈልዎ በፊት

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም አንድ ቀን ለመርከብ ጉዞ፣ ለቅድስት አገር ጉብኝት ወይም ለሌላ መንገድ ቀብድ ይከፍሉ ይሆናል። ከአዲስ አበባም ይነሡ ከውጭ አገር፣ አስቀድመው እነዚህን ይጠይቁ።

«ብሰርዝ በየትኛው ቀን ስንት ይመለስልኛል?» መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀኖቹን በቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ለትዳር ጓደኛዎም ያሳዩ። ይህን የምለው ከልምድ ነው።

«ኩባንያው ቢሰርዝስ? ቦታ ቢቀይርስ?» እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የሚሄዱት ለአንድ ቦታ ብቻ ከሆነና ያ ቦታ ሊቀየር የሚችል ከሆነ በቅድሚያ ይወቁት።

«ኢንሹራንሱ የማይከፍልባቸው ምክንያቶች ምንድን ናቸው?» ሰዎች የሚከፈልባቸውን ያነብባሉ፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን በማይከፈልባቸው ውስጥ ነው።

«ይህ ገንዘብ ቢቀርብኝ ቤቴ ይናጋል?» የሚናጋ ከሆነ ጉዞው ገና ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ተበድሮ ቀብድ የከፈለ ሰው አደጋ ሲመጣ በነጻ ልብ መወሰን አይችልም።

ፍርሃትዎንም ይመርምሩት። በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጣልያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ ብዙ ሰው መርከብ መሳፈርን ፈራ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በዚያው ቀን የገቡት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። ከ2015 ወዲህ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያው መደረግ አለበት። እንዲህ ያለው ፍርሃት በዝግጅት መልስ ያገኛል፤ ልምምዱን በትኩረት ይከታተሉ፣ የሕይወት ጃኬትዎ የት እንዳለ ይወቁ። ሊሄዱ ባሰቡበት ስፍራ ዛሬ የተነሣ ጦርነት ወይም ወረርሽኝ ግን ሌላ ነው። በ2020 መጀመሪያ በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ በቆመው ዳይመንድ ፕሪንሰስ መርከብ ላይ ከ3,711 ሰዎች 712ቱ በኮሮና ቫይረስ ተይዘዋል። እንዲህ ያለውን አደጋ በዝግጅት ብቻ ማምለጥ አይቻልም፤ መቅረትም መልስ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም የእናቴን ጥያቄ አይርሱ። «በነጻ ቢሆን እሄድ ነበር?» የማይመለስ ገንዘብ ስለ ትናንት ነው፤ የሚወስኑት ስለ ነገ ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነ ጸልየው ይሂዱ። «አይደለም» ከሆነ ደግሞ ያለ እፍረት ይቅሩ፤ የቀረውን ገንዘብ በሰላም ለመቅረት የተከፈለ ዋጋ አድርገው ይቁጠሩት። ጓደኞችዎ በሰላም ሄደው ቢመለሱ ከእነርሱ ጋር ደስ ይበልዎት። የእነርሱ ደኅና መመለስ የእርስዎን ውሳኔ ስሕተት አያደርገውም።

እናቴ ኢየሩሳሌምን እስካሁን አላየችም። የወይራ ዘይቱ ጠርሙስ ባዶውን በመስኮቷ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡም ከመልካም ወደብ ዳርቻ ያመጣሁላት አንድ ነጭ ጠጠር አለ። አንዳንድ ጊዜ ጠጠሩን በእጇ ይዛ «ሌላይቱ ኢየሩሳሌም ቀብድ የተከፈለባት ናት፤ እሷ አትሰረዝም» እያለች ትስቃለች።

ጌታ በመንገዳችሁም በቤታችሁም ማስተዋልን ይስጣችሁ።